ልጄ «ገባኝ» ትላለች፣ ፈተናው ግን ሌላ ይላል፤ ኦንላይን ትቀጥል?

የሁለት ልጆች እናት፦

ሰላም ለሁላችሁ፤ ትንሽ ይረዝምብኛልና ታገሱኝ።

ትልቋ ልጄ ሰባተኛ ክፍል ናት፣ ትንሹ ሁለተኛ። ትምህርት ቤታቸው ለመጪው ዓመት «ወይ እንደ ድሮው መጥተው ይማሩ፣ ወይ ሙሉ በሙሉ ኦንላይን ይሁኑ፤ ምረጡ» ብሎናል። መልስ ለመስጠት የቀረን ሁለት ሳምንት ነው። ልጅቷ ከኦንላይን ውጪ ሞቼ እገኛለሁ ብላለች። ባለፈው መንፈቅ በሙከራ መልክ በሳምንት ሁለት ሁለት ቀን ከቤት ስለተማረች ቀምሳዋለች።

ደስ ያለኝን ላስቀድም። ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ የማታውቅ ልጅ አስተማሪዋን በጽሑፍ ስትሞግት አየኋት። የሳይንሱን ሪከርድ ሦስት ሦስት ጊዜ እየመለሰች ታያለች። የጠዋቱ ግርግርም ቀርቶልናል።

ግራ የገባኝ ሒሳቡ ነው። «ዛሬስ ገባሽ?» ስላት መልሷ ሁልጊዜ «ገባኝ» ነው። ፈተናው ሲመጣ ከ30 11። ከስክሪኑ ፊት ንቅንቅ አላለችም እኮ! እኔ በፈረቃ ነው የምሠራው፤ ቀን ቤት የምትውለው እናቴ ናት። እሷ ደግሞ ልጅቷ ተቀምጣ ካየች «እያጠናች ነው» ትለኛለች። የትንሹን ነገር ተዉት፤ ገና አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ጠረጴዛ ሥር ነው የምናገኘው።

ጥቅሙንና ጉዳቱን የሚዘረዝር ጽሑፍ አንብቤ ጠግቤያለሁ። ቤታችሁ ወይም ክፍላችሁ ውስጥ ያያችሁትን ንገሩኝ።

አሥረኛ ክፍል ነኝ፦

አይደንግጡብኝ እንጂ እውነቱን ልንገርዎ። ካሜራ ዘግቼ፣ ስም ሲጠራ «አቤት» ብዬ ጽፌ፣ በስልኬ ጌም የተጫወትኩበት ክፍለ ጊዜ ብዙ ነው። ቤት ላለ ሰው ግን ላፕቶፑ ፊት ተቀምጫለሁ። የኦንላይን ፈተና ሲሰጥማ መልሱ የክፍላችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለመድረስ አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም። እንዲያውም ልጅዎ 11 ማምጣቷ አልኮረጀችም ማለት ነው፤ ይኮሩባት።

ፊዚክስን ያሳለፈኝ ግን ሪከርዱ ነው። አስተማሪያችን ፈጣን ነው። ክፍል ውስጥ «ይድገሙልን» ማለት ያሳፍራል፤ ቪዲዮውን መቶ ጊዜ ወደ ኋላ ብመልሰው አይቆጣኝም። የጎደለኝ የእረፍት ሰዓት ነው። አስተማሪ አርባ ደቂቃ አስረድቶኝ ያልገባኝን ጓደኛዬ በሁለት አረፍተ ነገር የሚያስገባልኝ እረፍት ላይ ነበር። ለዚያ ሊንክ የሚልክልኝ የለም።

ጠመኔ፦

እህቴ፣ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። 19 ዓመት አስተምሬያለሁ፣ ከዚያ ውስጥ ሁለቱን በስክሪን። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና ትምህርት ቤቶችን ሲያዘጋ፣ ዩኔስኮ እንዳለው ከ190 በሚበልጡ አገሮች 1.6 ቢሊዮን ያህል ተማሪ ከክፍል ውጪ በሆነበት ጊዜ፣ እኔም ሰሌዳዬን ትቼ ካሜራ ፊት ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ላይ ያስተማርኩ መስሎኝ ነበር።

«ገባኝ» የምትለው ልጅሽ እየዋሸችሽ አይመስለኝም። የገባት መስሏታል። አንድ ልጅ 1/2 + 1/3 ሲሰጠው ላዕልን ከላዕል፣ ታህትን ከታህት ደምሮ 2/5 ይላል። ክፍል ውስጥ በወንበሮች መካከል ስዘዋወር ይህን ወዲያው አየዋለሁ። ጣቴን ደብተሩ ላይ አድርጌ «ግማሽ ላይ ጨምረህ መልሱ እንዴት ከግማሽ አነሰ?» እለዋለሁ። ዓይኑ ሲፈጥ ይታየኛል፤ ከዚያ በኋላ እኔ አላስፈልገውም። ስክሪን ላይ ግን ያ ልጅ ስም ብቻ ነው። እኔ 5/6 ብዬ ስጽፍ እሱም 2/5ን ይሰርዝና 5/6 ይጽፋል። «ገባችሁ?» ስል «አዎ» ይላል። ስህተቱ ሳይታይ አለፈ፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ፈተና ላይ ብቅ ይላል።

ሦስት ጊዜ ስለምታየው ሪከርድ ደግሞ ደስታሽን ላደፈርሰው ነው። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ሙከራ አለ። ተማሪዎቹ አንድ ጽሑፍ አነበቡ፤ ከዚያ አንዱ ቡድን እንደገና አነበበው። ሌላው ጽሑፉን ሳያይ ያስታወሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ሲፈተኑ ግን ሳያዩ የጻፉት በለጧቸው። ቪዲዮም እንዲሁ ነው፤ ደጋግሞ ያዩት ነገር ያወቁት ይመስላል።

ስለዚህ ክፍለ ጊዜው እንዳለቀ ስክሪኑ ይዘጋ፤ ባዶ ወረቀት ይሰጣትና አሥር ደቂቃ ያስታወሰችውን ትጻፍ። ከዚያ ለአያቷ ጮክ ብላ ታስረዳ። እናትሽ ሒሳብ ማወቅ አይጠበቅባቸውም፤ «ለምን?» ማለት ይበቃል።

ካሜራን በተመለከተ እኔም መጀመሪያ «ፊታችሁን አሳዩኝ» እያልኩ ስጨቀጭቅ ነበር። የራስን ፊት ሲያዩ መዋል አዋቂንም ያደክማል፤ በሰባተኛ ክፍል ዕድሜ ደግሞ ብጉር አለ፣ ከኋላ የሚያልፍ ወንድም አለ። በኋላ ፊታቸውን ትቼ ካሜራውን ወደ ደብተራቸው አስዞርኩት። በማግስቱ 2/5 የሚጽፉት እነማን እንደሆኑ ለየኋቸው። አስተማሪዋን ይህን ጠይቂያት፤ እምቢ የምትል አይመስለኝም።

አንድ ነገር ልጨምር። ኔዘርላንድስ ኢንተርኔት በየቤቱ የገባባት አገር ናት። እዚያ በ2020 ትምህርት ቤቶች ስምንት ሳምንት ያህል ተዘግተው ሲከፈቱ የአንደኛ ደረጃ ልጆች ፈተና ተመረመረ። ወደ ኋላ የቀሩት በአንድ የትምህርት ዓመት አንድ አምስተኛ ያህል ነበር፤ ማለትም ልክ የተዘጋበትን ጊዜ ያህል። ወላጆቻቸው ብዙ ባልተማሩ ልጆች ላይ ደግሞ ብሶ ተገኘ። ኔትወርኩ እንደሆነ ነበረ። እኔ በበኩሌ ጥያቄው «ኦንላይን ጥሩ ነው ወይ?» ሳይሆን «ስህተቷን ማን ያይላታል?» ነው እላለሁ። ከቤታችሁ ሰው ከተገኘ ትቀጥል።

ትንሹ ላይ ግን አታመንቺ፣ ክፍል ይግባ። ገና ፊደል እያስተካከለ ያለ ልጅ እርሳሱን የሚያስይዘው ሰው አጠገቡ ይፈልጋል።

ገመድ አልባ፦

ከጠመኔ ጋር የምስማማው በግማሹ ነው። ክፍል ውስጥ ሃምሳ ልጅ ሲኖር በማን ትከሻ ላይ ቆመው ያያሉ?

የእኔ ልጅ ይንተባተባል። አምስት ዓመት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ምን እንደሚያስብ የሰማ አስተማሪ አልነበረም። ቃሉ እስኪወጣለት የሚጠብቀው የለም፤ ወይ ሌላ ልጅ ይቀማዋል፣ ወይ ይሳቅበታል። ኦንላይን ከገባ ጀምሮ በጽሑፍ ይመልሳል፤ ጎበዝ መሆኑን ያወቁት ያኔ ነው። አሁን ስምንተኛ ክፍል ነው። ተመለስ ቢሉት እኔ ራሴ አልመልሰውም። ጓደኛ ግን የለውም ማለት ይቻላል፣ አልዋሽም። ቅዳሜ ቅዳሜ ኳስ ሜዳ እወስደዋለሁ፤ ከእኔ ጋር ቆሞ ያያል።

ኔትወርክ ለሚቆራረጥባችሁ፦ የሌሎቹን ልጆች ቪዲዮ ዝጉና የአስተማሪውን ድምፅና ስክሪን ብቻ ተዉ። የአንድ ሰዓት የቀጥታ ቪዲዮ ግማሽ ጊጋ አልፎም ጊጋ ሊበላ ይችላል፤ ድምፅ ብቻ ሲሆን በአሥር ቤት የሚቆጠር ሜጋ ነው። ምስል ቢጠፋ ትምህርቱ ይቀጥላል፤ ድምፅ ከተቆራረጠ ግን ተኝቶ ማደር ይሻላል።

ጠመኔ፦

በሃምሳው ልጅ ረታኸኝ። ከኋላ ወንበር ሳልደርስ ደወል የተደወለብኝ ቀን ስንት እንደሆነ እኔ ነኝ የማውቀው። ልጅህንም አትመልሰው። አስተማሪዎቹን ግን አንድ ነገር ጠይቅልኝ፤ ለብቻው ከአንድ አስተማሪ ጋር በሳምንት አሥር ደቂቃ በድምፅ ያውራ። ሳይስቅበት የሚጠብቀው ሰው መኖሩን ይወቅ።

ገመድ አልባ፦

ይህን አላሰብኩትም ነበር። እጠይቃለሁ።

የሁለት ልጆች እናት፦

ይኸው በዘጠነኛው ቀን ተመለስኩ። መምህር፣ ያሉኝን ሞከርኩ።

የመጀመሪያ ቀን ባዶ ወረቀት ስሰጣት አራት መስመር ጽፋ እስክሪብቶውን ወረወረችው። «ቪዲዮውን ሳየው አውቀው ነበር!» ብላ አለቀሰች። እውነቴን ነው፣ እኔም አብሬ ላለቅስ ምንም አልቀረኝም።

በሦስተኛው ቀን ለእናቴ ማስረዳት ጀመረች። እናቴ አራተኛ ክፍልን አልጨረሰችም፤ የእሷ «ለምን» ግን ከፈተና ይከብዳል። ልጅቷ «ነጌቲቭ በነጌቲቭ ሲባዛ ፖዘቲቭ ይሆናል» ስትላት፣ «ዕዳ በዕዳ ተባዝቶ እንዴት ሀብት ይሆናል? ማነው ይህን ያስተማረሽ?» አለቻት። ልጄ ዝም አለች። ማታ አስተማሪዋን በጽሑፍ ጠይቃ፣ በማግስቱ መልሱን ይዛ ቀረበች፦ «እማማ፣ ዕዳ ቢጨመርብሽ ትከስሪያለሽ አይደል? ሦስት ዕዳ ቢሰረዝልሽስ? መቀነሱ ነው ነጌቲቩ።» እናቴ ትንሽ አሰብ አድርጋ «እንዲያ በይኝ እንጂ» አለች። ከዚያ ወዲህ ከክፍለ ጊዜው በኋላ ወንበር ስባ የምትጠብቀው እሷው ሆናለች።

ትንሹን ክፍል አስመዝግቤዋለሁ። ለትልቋ ሦስት ቀን በአካል፣ ሁለት ቀን ከቤት እንዲሆንልኝ ጽፌ ጠይቄያለሁ፤ ምርጫው ሁለት ብቻ ነው ቢሉኝም ልሞክር ብዬ ነው። እስካሁን አልመለሱልኝም። እሷ አኩርፋለች።

አስተማሪዋ ካሜራው ወደ ደብተሩ እንዲዞር ፈቅዳለች። ስልኩን ግን በምን ላቁመው? በመጽሐፍ ብደግፈው ሁለት ጊዜ ወድቋል።

ጠመኔ፦

ደብተሩን ግራና ቀኝ በመጽሐፍ ክምር አጥሪው፤ ክምሮቹ አንድ ክንድ ያህል ይነሡ። በላያቸው ሁለት ማስመሪያ ጎን ለጎን አጋድሚና ስልኩን በፊቱ ሳይሆን በጀርባው አስተኚው፤ ካሜራው በማስመሪያዎቹ መካከል ወደ ታች ይይ። መብራቱ ከግራዋ በኩል ይሁን፣ ያለዚያ የእጇ ጥላ ጽሑፉን ይሸፍነዋል። ግራኝ ከሆነች ከቀኝ።