የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች መግቢያ ሰዓት ወደ 3:00 ይገፋ ወይስ ባለበት ይቆይ?

አወያይ፦ በአራት ኪሎ፣ በፒያሳና በካሳንቺስ ልጆቻችንን የምናስተምር ወላጆችና መምህራን ባለፈው ሳምንት ያነሣነውን ጉዳይ ዛሬ በጽሑፍ እንድንከራከርበት ተስማምተን ነበር። ጥያቄው ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ያሉ ልጆች ትምህርት የሚጀምሩበት ሰዓት ከጠዋቱ 2:00 ወደ 3:00 ይገፋ ወይ የሚል ነው። ሐሳቡን ያቀረቡት እናት ይጀምሩ።

የሦስተኛ ክፍል ተማሪ እናት፦ መገፋት አለበት እላለሁ። ቤታችን ፒያሳ ነበር። አካባቢው ለኮሪደር ልማት ሲነሣ ወደ ከተማው ዳር ሄድን፤ ልጄን ግን ከለመዳቸው መምህራንና ጓደኞች መለየት ስላልፈለግሁ ትምህርት ቤቱን አልቀየርኩም። ሰርቪሱ 11:45 ላይ በር ላይ ስለሚደርስ 11:15 እቀሰቅሰዋለሁ። ካልሲውን የማደርግለት ዐይኑን ሳይገልጥ ነው። ዳቦውን በእጁ አስይዤው እሸኘዋለሁ፤ አንድ ቀን አብሬው ስሄድ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስንደርስ ዳቦው አንዴም ሳይገመጥ ከነሙሉው እጁ ላይ ነበር። ማታ ተመልሶ፣ የቤት ሥራውን ሠርቶ፣ ራቱን በልቶ ሲተኛ ሦስት ሰዓት ይሆናል። የሚተኛው ስምንት ሰዓት ከሩብ ብቻ ነው ማለት ነው። የእንቅልፍ ሐኪሞች ከ6 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት እንቅልፍ እንደሚያስፈልግ ይመክራሉ። በዝቅተኛው ቁጥር እንኳ ብናሰላው በየቀኑ 45 ደቂቃ፣ በአምስት የትምህርት ቀን ደግሞ ሦስት ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይጎድለዋል።

የመንግሥት ሠራተኛ አባት፦ እህቴ የተናገሩት ሁሉ ልቤን ነክቶኛል፤ ነገር ግን ሐሳቡን እቃወማለሁ። እኔ ቢሮ የምገባው 2:30 ነው፤ ባለቤቴም እንዲሁ። ትምህርት ቤቱ 3:00 የሚከፈት ከሆነ ሠራተኛ መቅጠር ያልቻለ ወላጅ ልጁን ለማን ትቶ ይሄዳል? በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ደግሞ የምገባ ፕሮግራሙ ቁርስ የሚቀርበው ከትምህርት በፊት ስለሆነ፣ ያንን ቁርስ ጠብቆ ከቤት የሚወጣ ልጅ አንድ ሰዓት ሙሉ ተርቦ ይቆማል። ከውጭ አገር የሚጠቀሰውም ማስረጃ በአብዛኛው ስለ ታዳጊዎች እንጂ ስለ ትንንሾቹ አይደለም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2014 ትምህርት በእኛ አቆጣጠር ከ2:30 በፊት አይጀመር ያለው ለመካከለኛና ለሁለተኛ ደረጃ ነው፤ ካሊፎርኒያ በ2019 አውጥታ ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ያዋለችው ሕግም እነዚያኑ የሚመለከት ነው። ምክንያቱም በጉርምስና ጊዜ የሰውነት ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚዘገይ ጎረምሳው ማታ ቶሎ መተኛት ያቅተዋል። የስምንት ዓመት ልጅ ግን ይህ ችግር የለበትም፤ ጊዜው ከተሰጠው በጊዜ ይተኛል፣ በጊዜ ይነሣል። በኮሎራዶ አንድ የትምህርት ወረዳ የትንንሾቹን መግቢያ ሰዓት ቀደም እንዲል ሲያደርግ ልጆቹ ማታ ቀደም ብለው መተኛት ስለጀመሩ ያጡት እንቅልፍ የጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበር።

የቀበሌ ቤት ነዋሪ እናት፦ «ማታ በጊዜ ይተኛ» ማለት ክፍል ላለው ሰው ቀላል ነው። የእኛ ቤት አንድ ክፍል ነው። አልጋውም፣ ቴሌቪዥኑም፣ ቡናው የሚፈላበትም እዚያው ነው። ልጅ የሚተኛው አዋቂው ሲተኛ ነው። እኔ ያደረግሁት ለውጥ ቢኖር የማታውን ቡና መተው ነው፤ በረካው ቀጭን ነው ብለን ስኳር ጨምረን ለልጆቹ እንሰጥ ነበር፤ ያ ከቀረ ወዲህ ትንሿ ልጄ ስትገላበጥ አታመሽም።

የሁለተኛ ክፍል መምህርት፦ ከክፍሌ የማየውን ልናገር። በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ጠረጴዛ ላይ የሚደፉ ልጆች አሉ፤ እነርሱን ሁሉም ያያቸዋል፣ ያዝንላቸዋልም። እኔን የሚያሳስበኝ የማያንቀላፋው ነው። እንቅልፍ ያልጠገበ አዋቂ ይደክመዋል፤ እንቅልፍ ያልጠገበ ልጅ ግን ብዙ ጊዜ ይቅበጠበጣል፣ እርሳሱን ይጥላል፣ ጎረቤቱን ይጎነትላል፣ በትንሹም ያለቅሳል። ከሁለት ዓመት በፊት እንዲህ ያለ ልጅ ነበረኝ፤ ረባሽ ነው ብዬ ስንት ቀን ግድግዳ ሥር እንዳቆምኩት አሁን ሳስበው ያመኛል። እናቱ በሁለተኛው ሴሚስተር መጥታ ሌሊት እንደ አዋቂ እንደሚያንኮራፋና ላብ በላብ እየሆነ እንደሚነሣ ስትነግረኝ ነው የገባኝ። ስለዚህ የሰዓቱን መገፋት እደግፋለሁ፤ ግን ያ ልጅ 3:00 ቢገባም ያው እንደሚሆን አውቃለሁ።

የሕፃናት ክፍል ነርስ፦ መምህርቷ ያነሡት ነገር ከሰዓቱ ክርክር የሚቀድም ይመስለኛል፤ ትንሽ ላስረዝም። ጊዜ ያጣ እንቅልፍና የታመመ እንቅልፍ የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው ሰዓት ሲጨመርለት ይስተካከላል፤ ሁለተኛው አሥራ ሁለት ሰዓት ቢተኛም አይስተካከልም። ከመቶ ልጆች ከአንድ እስከ አምስት የሚሆኑት ሲተኙ የአየር መተላለፊያቸው እየተዘጋ ትንፋሻቸው ይቋረጣል። ዋናው ምክንያት የቶንሲልና ከአፍንጫ ጀርባ ያለው የአዴኖይድ ዕጢ ማበጥ ሲሆን በብዛት የሚታየውም ከ2 እስከ 8 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። በየሌሊቱ የሚያንኮራፋ፣ አፉን ከፍቶ አንገቱን ወደ ኋላ ቀልብሶ የሚተኛ፣ ትንፋሹ ጸጥ ብሎ ቆይቶ በድንገት ተንፈቅፍቆ የሚመለስ፣ ጠዋት ራሱን የሚያመው ወይም ሽንቱን መቆጣጠር ከቻለ በኋላ እንደገና አልጋ ላይ መሽናት የጀመረ ልጅ ካለ ለአንገት በላይ ሐኪም መታየት አለበት። በአሜሪካ ከ5 እስከ 9 ዓመት በሆኑ 464 ልጆች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣ ጥናት፣ ቶንሲላቸውና አዴኖይዳቸው ከወጣላቸው ውስጥ 79 በመቶ የሚሆኑት ሌሊት ትንፋሻቸው ተስተካክሏል፤ በክትትል ብቻ ከቆዩት ደግሞ 46 በመቶዎቹ። ሁለተኛውን ቁጥር የጠቀስኩት ሁሉም ልጅ ቀዶ ሕክምና አያስፈልገውም ለማለት ነው፤ የሚለየው ሐኪም ነው። እባካችሁ እንጥል ለማስቆረጥ አትውሰዷቸው። የችግሩ ምንጭ እንጥሉ አይደለም፤ ደም መፍሰስና ቁስል ማመርቀዝ ይዞ የመጣ ልጅ በዐይኔ አይቻለሁ።

ሌላው ወላጆችን የሚያስደነግጠው የሌሊት ድንጋጤ ነው። ልጁ በተኛ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ውስጥ ይጮኻል፣ ተነሥቶ ይቀመጣል፣ ዐይኑ ተገልጦ እናቱን አያውቃትም፣ ጠዋት ሲጠየቅ ምንም አያስታውስም። ቅዠት ግን ወደ ንጋት የሚመጣ ነው፤ ልጁ ነቅቶ ያየውን ይናገራል። ቤተሰብ ጠበል ቢወስደው አልቃወምም፤ ነገር ግን እንቅልፍ ማጣት ይህን ድንጋጤ እንደሚያባብሰው ይታወቅ። በዚያች ሰዓት ልጁን መነቅነቅ ሳይሆን እንዳይወድቅ ጠብቆ ማስተኛት ነው የሚጠቅመው።

የሰርቪስ ሹፌር፦ እኔ ስለ መንገዱ ልናገር። ከዳር ያለውን ልጅ 11:45 የማነሣው መንገዱ ሁለት ሰዓት ስለሚፈጅ አይደለም። አንዱን ዙር 12:50 አድርሼ የሌላ ትምህርት ቤት ልጆችን ሁለተኛ ዙር ማስገባት ስላለብኝ ነው። መጀመሪያ የተሳፈረ ልጅ ደግሞ ሌሎቹ ሁሉ እስኪለቀሙ አብሮኝ ይዞራል። መግቢያው 3:00 ቢሆን መገናኛና መስቀል አደባባይ ላይ ከቢሮ ሰው ጋር ስለምንጋጠም፣ ወላጆች የሚጠብቁት ሙሉ ሰዓት አይገኝም፤ ምናልባት ግማሹ። አንድ መኪና አንድ ዙር ብቻ ቢሠራ ግን የዚያ ልጅ መነሻ ዛሬውኑ ወደ 12:30 ይመጣል። ክፍያው እንደሚጨምር አልደብቅም።

የሦስተኛ ክፍል ተማሪ እናት፦ የሹፌሩ ቃል ሐሳቤን አስለውጦኛል። ልጄ እንቅልፉን የሚያጣው በደወሉ ሳይሆን በዙሩ ከሆነ ጥያቄዬን እንደገና ላቅርብ። በሩና ቁርሱ እንደ ዛሬው በጊዜ ይከፈት፣ ትምህርቱ 2:30 ይጀመር፣ ሰርቪሱም በአንድ ዙር ብቻ እንዲሠራ በውል ይታሰር። እንዲህ ከሆነ አባትየው ልጃቸውን አድርሰው ቢሯቸው ይደርሳሉ። በክፍያው ግን ሁላችንም እኩል ስላልሆንን፣ ከሩቅ የሚመጡት ልጆች ስንት እንደሆኑ ተቆጥሮ ወላጆች ጭማሪውን እንድንከፋፈል እጠይቃለሁ።

የመንግሥት ሠራተኛ አባት፦ በሩ ክፍት ከሆነና ልጆቹን የሚጠብቅ መምህር ከተመደበ ተቃውሞዬን እተዋለሁ። ክፍያውን በተመለከተ ግን ትምህርት ቤቱ አጠገብ የሚኖር ወላጅ ስለማይሳፈርበት መኪና ይክፈል መባሉን አልቀበልም፤ በዚህ ላይ በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት (ወተመህ) ስብሰባ እከራከራለሁ።

የሁለተኛ ክፍል መምህርት፦ ተረኛ መምህር የሚመደበው ከዕረፍት ሰዓታችን ተቀንሶ ከሆነ መምህራኑም አስቀድመው ይጠየቁ። የስብሰባው ውሳኔ እስኪመጣ እኔ በፈቃዴ ላደርገው የምችለው አለ፤ ከሰኞ ጀምሮ ሒሳብን ወደ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ አዛውሬ መጀመሪያውን ለንባብ አደርገዋለሁ። ነርሷ የዘረዘሩትን ምልክት በወረቀት ጽፌ ለየቤቱ እልካለሁ፤ ማንበብ ለማይችሉ ወላጆች በር ላይ ሲመጡ በቃል እነግራቸዋለሁ።