ለሁለት ሰው የሸራ ጀልባ ጉዞ፦ ሳሮኒክ ይሻላል ወይስ አዮኒያን?

ግሪክ ሄዳችሁ የሸራ ጀልባ ተከራይታችሁ ሁለት ሆናችሁ ከወደብ ወደብ ቀስ እያላችሁ ለመዞር ካሰባችሁ፣ የኔ ጥቆማ ሳሮኒክ ባሕረ ሰላጤ ነው። እኔና ባለቤቴ በምዕራብ ግሪክ ያለውን የአዮኒያን ባሕርንም ሞክረናል።

አዮኒያን አይከፋም፤ ለጀማሪማ እሱ ይቀላል። በበጋ ጠዋት ባሕሩ ጸጥ ይላል፣ ከሰዓት ነፋስ ይነሳል፣ ማታ ይተኛል። ከሌፍካዳ ደሴት ተነስታችሁ ሜጋኒሲና ኢታካ የሚባሉትን ደሴቶች ታዳርሳላችሁ። ግን ከአቴንስ ሌፍካዳ በመኪና አምስት ሰዓት ገደማ ነው። ሳሮኒክ የአቴንስ ደጃፍ ነው። አቴንስ ዳር ባለው የአሊሞስ ወደብ ጀልባችሁን ተረክባችሁ 16 የባሕር ማይል ያህል ስትሄዱ ኤጊና ደሴት ናችሁ። ሚኮኖስና ሳንቶሪኒ ያሉበት የኪክላዲስ ደሴቶች ፎቶው ያማልላል፤ በሐምሌና በነሐሴ ግን ሜልቴሚ የሚሉት የሰሜን ነፋስ አለ። ለሽርሽር አይሆንም፣ ትዳርም ይፈትናል።

ኤጊና ላይ ፒስታቺዮ ግዙ፤ ወደቡ ዳር ከቆመች ጀልባ ላይ አትክልት ይሸጣል። ፖሮስ ላይ ሁለት ሌሊት እደሩ። ከዋናው ምድር የሚለያት ጠባብ ውሃ ነው፤ ማዶ ጋላታስ ቁልጭ ብላ ትታያለች።

ሃይድራ መኪና የለም፤ ዕቃ የሚጫነው በበቅሎና በአህያ ነው። ወደቧ ግን ጠባብ ስለሆነ ከቀትር በፊት ግቡ። እኛ አሥር ሰዓት ላይ ደረስን። እንደ አገሩ ወግ ከፊት መልሕቅ ጥለን፣ የጀልባዋን ኋላ ወደ ግንቡ አስጠግተን አሰርን። ጠዋት መልሕቁን ስንስብ አልመጣ አለ። ለካ የጎረቤታችን ጀልባ የመልሕቅ ሰንሰለት ከላይ ተጋድሞበታል። እኔ መሪው ላይ፣ እሷ ከፊት ሆና "ልቀቅ!" "ቆይ!" ስንባባል፣ ቡና የሚጠጣው ሰው ሁሉ ወንበሩን ወደኛ አዞረ። አርባ ደቂቃ!

ጀልባውን በተመለከተ፣ ለሁለት ሰው ከ31 እስከ 34 ጫማ ርዝመት ያለው ይበቃል። ትልቁን ለምን ትይዛላችሁ? ገመዱን የምትስቡት ሁለታችሁ ናችሁ። ያለ ካፒቴን ለመከራየት የጀልባ ፈቃድ ይጠየቃል። ካፒቴን ከቀጠራችሁ ደግሞ እዚያው ጀልባ ላይ ያድራል፣ ምግቡም በናንተ ነው። ጫጉላ ከሆነ አስቡበት። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ፍሎቲላ የሚሉት ጥሩ ነው፤ ብዙ ጀልባዎች አንድ መሪ ጀልባ ተከትለው ይሄዳሉ።

ስትረከቡ እያንዳንዱን ጭረት በቪዲዮ ቅረጹ። አንዱ አከራይ በአሮጌ ጭረት ከማስያዣችን ቆርጦብናል፤ ማስረጃ ስላልነበረን ዝም አልን። ለነፋሱ ዊንዲ፣ ለወደቦቹ ናቪሊ የሚባሉትን መተግበሪያዎች ስልካችሁ ላይ ጫኑ።

በፍልሰታ ከሄዳችሁ አትራቡም፤ እነሱም ይጾሟታል፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ከኦገስት 1 እስከ 14። አስተናጋጁን "ኒስቲሲሞ" በሉት፣ የጾም ማለት ነው። በክክ የሚሠራ ፋቫ የሚሉት አለ፤ ሎሚ ጨምቁበት። ሽሪምፕና ኦክቶፐስ ይዞ ቢመጣ አትደንግጡ፣ እነሱ ዘንድ የጾም ነው።