ነፃ እጅ ስፌት፦ ኩርባ ላይ የላዩ ክር ከስር የሚወጣው ለምንድን ነው?

ባለመርፌዋ
ሰላም ለሁላችሁም። በቤት የስፌት መኪና ባለ ሦስት ድርብ የአልጋ ልብስ (ላይና ታች ጨርቅ፣ መሃሉ ባዘቶ) በነፃ እጅ መስፋት እየተማርኩ ነው። የመኪናውን ጥርስ (ከስር ሆኖ ጨርቁን የሚገፋውን) አውርጄ፣ የስፌት ርዝመቱን 0 አድርጌ፣ ጨርቁን በሁለት እጄ እየነዳሁ እሰፋለሁ። ቀጥታው ያምራል። ኩርባውን ግን ገልብጬ ሳየው የላዩ ክር ከስር እንደ ሽፋሽፍት ተደርድሮ ወጥቷል። መነሻው ላይ ክሩ ይቋጠራል፣ መርፌም ቶሎ ቶሎ ይሰበራል። የክር ማጥበቂያውን ባጠብቅም ባላላም ያው ነው። መርፌው 75/11፣ ክሩ ባለ 50 ቁጥር ጥጥ ነው። ከየት ልጀምር?

ክርና መቀስ
እህቴ፣ ማጥበቂያውን ለጊዜው ተዪው። ሽፋሽፍቱ የሚመጣው ከእጅ ነው። ኩርባ ላይ እጅ ሳይታወቅ ይፈጥናል፣ የፔዳሉ ፍጥነት ግን አልተለወጠም። መርፌው ወርዶ እስኪመለስ ጨርቁ ብዙ ይሄድና የቦቢኑ (የስሩ ክር የሚጠቀለልበት) ክር አቋራጩን ይዞ ቀጥ ብሎ ይወጠራል፤ የላዩንም ጎትቶ ወደ ስር ያወርደዋል። ስለዚህ ፔዳሉን መካከለኛ ፍጥነት ላይ አጽኚና ኩርባ ላይ እጅሽን አዘግዪ። መለኪያሽ በ1 ሴንቲ ሜትር ከ3 እስከ 4 ስፌት ይሁን፤ ቀጥታውም ኩርባውም ላይ ቁጥሩ ከተቀራረበ እጅሽ ገብቶለታል ማለት ነው። መኪናውን በጣም ማዝገም ደግሞ ለጀማሪ የሚሻል ይመስላል እንጂ አይሻልም፤ መስመሩ ይሰባበራል።

እጅሽ ከተስተካከለ በኋላም ካልጠፋ፣ ያን ጊዜ የላዩን ክር በግማሽ በግማሽ ቁጥር አጥብቂ። ከላይና ከስር የተለያየ ቀለም ክር አድርገሽ ቁራጭ ላይ ብትሞክሪ የትኛው የትኛውን እንደሚጎትት ወዲያው ይታይሻል።

የመነሻው ቋጠሮ ምክንያቱ ሌላ ነው። የነፃ እጅ ስፌት እግር (መርፌው በመሃሉ የሚያልፍበት ክፍል) ወርዶም ጨርቁን ስለማይጫን የእግሩን ማንሻ ማውረድ በቀላሉ ይረሳል። ማንሻው ካልወረደ ማጥበቂያው ክሩን አይዝም፣ ከስር ይከመራል። ክር ስታስገቢ ደግሞ በተቃራኒው ማንሻው ከፍ ይበል፣ አለዚያ ክሩ ማጥበቂያው ውስጥ በደንብ አይገባም። ከመጀመርሽ በፊት መዘውሩን በእጅሽ ወደ ራስሽ አንድ ዙር አዙሪና የላዩን ክር ሳቢ፤ የቦቢኑ ክር ተከትሎ ይወጣል። ሁለቱንም ጫፍ ይዘሽ 4 ወይም 5 በጣም አጫጭር ስፌት ስፊ፣ ከዚያ ቀጥዪ።

ድርብ ጨርቅ
መርፌው የሚሰበረው ጨርቁ ስለሚያጎብጠው ነው። የአልጋ ልብሱ ከጠረጴዛው ተንጠልጥሎ ክብደቱ ወደ ታች ሲጎትት መርፌው ይታጠፍና የስፌት ሰሌዳውን ይመታል። ከግራሽና ከመኪናው ኋላ ሌላ ጠረጴዛ አስጠጊ፤ ጨርቁ ሁሉ ከፍ ብሎ ይተኛ። መርፌውንም ወደ 90/14 ቀይሪ። ወፈር ስለሚል በቀላሉ አይጎብጥም፣ ዓይኑም ሰፋ ስለሚል ክሩን አይፍቀውም። ሰሌዳውን በጣትሽ ዳብሺው፤ መርፌ መትቶት የሻከረ ቦታ ካለ ክር ይበጥሳልና በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አለስልሺው።

እግሩ የሚዘል ዓይነት ከሆነ ከጎኑ የወጣችው ክንድ ከመርፌው ማሰሪያ ብሎን በላይ መቀመጥ አለባት። ከስሩ ከገባች እግሩ ከመርፌው ጋር አይነሳም። እግሩ በጣም ከፍ ካለ ደግሞ ጨርቁ ከመርፌው ጋር ወደ ላይ እየተነሳ ስፌት ይዘላል።

ባለ ባዘቶ
ጥርስ ማውረድን በተመለከተ፣ ግዴታ አይመስለኝም። ጥርሱ የማይወርድ መኪና ያላችሁ የስፌት ርዝመቱን 0 ካደረጋችሁ ጥርሱ ባለበት ከፍና ዝቅ ይላል እንጂ ጨርቁን ወደፊት አይገፋም።

ይልቅ ብዙው ችግር ከመኪናው በፊት፣ ድርቦቹ ሲያያዙ ይጀምራል። የታችኛው ጨርቅና ባዘቶው ከላዩ በየጎኑ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ይትረፉ። የታችኛውን ወጥራችሁ አንጥፉ፣ ግን እስኪለጠጥ አይደለም፤ የተለጠጠ ጨርቅ ሲለቀቅ ይጨማደዳል። ከዚያ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ በመርፌ ቁልፍ ያዙት ወይም በእጅ ወስውሱት። ስትሰፉ ከመሃል ወደ ዳር ሂዱ። ለመለማመጃ ቀጭን ባዘቶ ይሻላል፤ ወፍራሙ ከእግሩ ፊት እየተገፋ ይከማቻል። መዳፉ ላይ ጎማ ያለው ጓንት ጨርቁን ሳትጨብጡ እንድትነዱት ስለሚረዳ ትከሻ አይደክምም።

ባለመርፌዋ
እግዜር ይስጥልኝ። ክንዷ ከብሎኑ ስር ነበረች! የቦቢኑን ብሎንስ ልንካው?

ክርና መቀስ
መጨረሻ ላይ፣ ሌላው ሁሉ ተስተካክሎ ካልሆነ ብቻ። የቦቢኑ ቤት ወጥቶ የሚገባ ዓይነት ከሆነ፣ ቦቢኑን እንደያዘ በክሩ አንጠልጥዪው። ዝም ብሎ መንጠልጠል አለበት፤ እጅሽን ነቅነቅ ስታደርጊ ትንሽ ወርዶ ይቆም። እየተንሸራተተ ከወረደ ላልቷል፣ ጨርሶ ካልተነቃነቀ ጠብቋል። ከማዞርሽ በፊት ብሎኑ የነበረበትን በእስክሪብቶ ምልክት አድርጊ፣ ከሩብ ዙር በታች ብቻ አዙሪና እንደገና ሞክሪ።