እባካችሁ ድረሱልኝ፦ ሞዴሉ በሲሙሌሽን ይሠራል፣ በዋስፕ-39ቢ እውነተኛ ዳታ ላይ ግን ይቃዣል

ሰብለ_ሰማይ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ነገ ጠዋት የድኅረ ዶክትሬት ቃለ መጠይቅ አለኝ፣ ዋናው ስላይዴ እምቢ ብሎኛል። የኤክሶፕላኔት (ከፀሐይ ሌላ ኮከብ የሚዞር ፕላኔት) ከባቢ አየር የሚያነብ ኒውራል ኔትወርክ አሠልጥኛለሁ። የሚገባለት የትራንዚት ስፔክትረም ነው፣ ፕላኔቷ በኮከቧ ፊት ስታልፍ በየሞገድ ርዝመቱ የተለካ ብርሃን ማለት ነው፤ የሚያወጣው ሙቀት፣ የውሃ ተን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ሜቴንና የደመናው ከፍታ። ለይቼ ባስቀመጥኩት የመፈተኛ ዳታ ላይ ግሩም ነው። የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕን የዋስፕ-39ቢ ዳታ ስሰጠው ግን ሙቀቱን ከተፈቀደለት ወሰን ጫፍ ላይ ይለጥፈዋል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ ጭራሽ የለም ይለኛል! እዚያች ፕላኔት ላይ ጋዙ መኖሩ እኮ ከነሐሴ 2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ዓለም ያወቀው ነው። ሁለቱን ስፔክትረም ደራርቤ ስዬ አይቻለሁ፣ አንድ ዓይነት ናቸው። ለርኒንግ ሬት ቀየርኩ፣ ሌየር ጨመርኩ፣ ለውጥ የለም። የሚያውቅ ሰው ቶሎ ይመልስልኝ።

ኮደሩ_ከቦሌ፦
ኖርማላይዝ አድርጊ። ቁጥሮቹን ሁሉ ወደ አንድ ሚዛን አምጪ ማለቴ ነው፤ 90 በመቶው እንዲህ ያለ ችግር ከዚያ ነው የሚመጣው።

ቡና_ጠጪው፦
ዋስፕን ተዪውና የራሳችንን አቦልን ስጪው! ኮከቡ ቡና፣ ፕላኔቱ አቦል። ሞዴልሽ ቢያንስ ጭሱንና እጣኑን ይለያል።

ሐና_ከሙኒክ፦
@ቡና_ጠጪው ሳቅሁ፣ ግን አዲስ አንባቢ እንዳይሳሳት ልጨምር። በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ለየአገሩ አንድ ኮከብና ፕላኔት ስም እንዲያወጣ ሲሰጥ ለኢትዮጵያ የደረሳት ኤችዲ 16175 ነበር፤ ቡናና አቦል የተባሉትም ያኔ ነው። አቦል የተገኘው ኮከቡ ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዝ ታይቶ ነው እንጂ በኮከቡ ፊት ሲያልፍ ታይቶ አይደለም። ስለዚህ ሰብለ የምትሠራበት ዓይነት የትራንዚት ስፔክትረም የለውም።

ጋሽ_ስፔክትረም፦
ልጄ ሰብለ፣ ከመፍትሔው በፊት ነገሩን ከሥሩ እንየው፤ ብዙ ወጣት ዘሎ ኔትወርኩ ውስጥ ይገባና መሠረቱን ይስታል። ፕላኔቷ በኮከቧ ፊት ስታልፍ ጥቂት የኮከብ ብርሃን በከባቢ አየሯ ጠርዝ በኩል ሾልኮ ይመጣል። እያንዳንዱ ጋዝ የራሱን የሞገድ ርዝመት ይውጣል፤ በዚያ ሞገድ ፕላኔቷ ትንሽ ሰፍታ ትታያለች። በዚህ መንገድ የመጀመሪያው የኤክሶፕላኔት ከባቢ አየር የተለየው በ2002 ሲሆን፣ ሶዲየም ነበር፣ በሀብል ቴሌስኮፕ፣ በኤችዲ 209458ቢ ላይ። ከስፔክትረሙ ወደ ኋላ ተነሥቶ ‘ምን ያህል ውሃ? ምን ያህል ሙቀት?’ ብሎ መጠየቅ፣ እኛ ሪትሪቫል የምንለው፣ በ2009 ገደማ መልክ ያዘ። ችግሩ አንዱን ፕላኔት ለመፍታት ኮምፒውተሩ መቶ ሺዎች፣ አንዳንዴም ሚሊዮን ጊዜ ሞዴል ማስላት አለበት። ማሽን ለርኒንግ በዚህ በር ነው የገባው። በ2016 ኢንጎ ዋልድማን የትኞቹ ጋዞች ስፔክትረሙ ውስጥ እንዳሉ የሚለይ ኔትወርክ አወጣ፤ በ2018 የነማርኬዝ-ኔይላ ቡድን ብዙ የውሳኔ ዛፎችን የሚያጣምረውን ራንደም ፎረስት በዋስፕ-12ቢ ላይ ሞከረ፤ ያው በ2018 ዚንጋሌስና ዋልድማን ጋን የተባለውን ዓይነት ኔትወርክ ተጠቀሙ። አሁን የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት ኤሪየል የተባለውን ቴሌስኮፕ እያዘጋጀ ነው፤ ዓላማው ወደ 1000 የሚጠጉ ፕላኔቶችን ማየት ነው። አንድ በአንድ በአሮጌው መንገድ ማን ይጨርሰዋል? አንቺ የያዝሽው ሥራ እንግዲህ ይኸው ነው። አይዞሽ፣ ይቀጥላል፣ ምሳ ልብላ።

ሰብለ_ሰማይ፦
ጋሼ አመሰግናለሁ፣ ይህን ግን አውቀዋለሁ። ችግሬ አሁን ነው።

ዳታ_በላይ፦
ኖርማላይዝ አድርጊ። ስታንዳርድ ስኬለር ተጠቀሚ።

ሰብለ_ሰማይ፦
@ኮደሩ_ከቦሌ @ዳታ_በላይ አድርጌያለሁ! ለእያንዳንዱ ቢን (የሞገድ ክፍልፋይ) ከሥልጠናው ዳታ ያገኘሁትን አማካይና ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ነው የተጠቀምኩት። እውነተኛውንም በዚያው ነው ያሳለፍኩት።

ደረጄ_ቤይዝ፦
ጥያቄው ራሱ ትክክል አይመስለኝም። አንድ ፕላኔት ብቻ ከሆነ የያዝሽው ኔስትድ ሳምፕሊንግ (ያን ሞዴሉን ደጋግሞ የሚያሰላውን አሮጌውን መንገድ) አስነሺና ተኚ፤ ጠዋት መልሱ ከነስህተት ወሰኑ ይጠብቅሻል። ኔትወርክሽ አንድ ነጠላ ቁጥር ነው የሚሰጠው። በዚህ ዘርፍ ነጠላ ቁጥር መልስ አይባልም። ደመና ከፍ ብሎ ውሃ ሲበዛ፣ ደመና ዝቅ ብሎ ውሃ ሲያንስ፣ ሁለቱም ተቀራራቢ ስፔክትረም ሊሰጡሽ ይችላሉ። የትኛውን ነው ኔትወርኩ የሚነግርሽ? መሃላቸውን! መሃሉ ደግሞ ከሁለቱም ውጪ ሊሆን ይችላል።

ሰብለ_ሰማይ፦
ደረጄ፣ የማመለክትበት ሥራ ብዙ መቶ ፕላኔቶችን ባንድ ዓይነት ዘዴ ማንበብ ነው። ዋስፕ-39ቢ መፈተኛዬ ናት፤ የመረጥኳትም መልሷ ስለሚታወቅ ነው። አንድ ሌሊት ሙሉ ለአንድ ፕላኔት የሚፈጅ መንገድ ይዤ ብቀርብ ‘ታዲያ አንቺ ምን ጨመርሽ?’ ነው የሚሉኝ።

ደረጄ_ቤይዝ፦
እሱ ይገባኛል። ግን ፍጥነት ብቻውን ሳይንስ አይደለም። ቢያንስ የመጨረሻውን ሌየር ወደ ኖርማላይዚንግ ፍሎ ቀይረሽ ሙሉውን የዕድል ስርጭት እንዲያወጣ አድርጊው። በ2023 ያ ዘዴ ለኤክሶፕላኔት ከባቢ አየር ታትሟል፣ አዲስ ነገር አይደለም።

ሰብለ_ሰማይ፦
ለነገ?

ሐና_ከሙኒክ፦
ደረጄ ያለው ለወደፊቱ ልክ ነው፣ ለዛሬ ማታ ግን አይሆንም። ሰብለ፣ ሦስት ነገር ልጠይቅሽ። የሥልጠና ስፔክትረሞችሽ ላይ ኖይዝ (የመለኪያ ብጥብጥ) ጨምረሻል? ንጹሕ ነገር ብቻ ያየ ኔትወርክ እውነተኛ ዳታ ላይ ይደነብራል። ሁለተኛ፣ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ አስገብተሻል? ዋስፕ-39ቢ ላይ 4.05 ማይክሮሜትር አካባቢ ያለችው ጉብታ የእሱ ናት፤ የኮከቡ ጨረር በሚፈጥረው ኬሚስትሪ ነው የሚመጣው። ሞዴልሽ ካላወቀው ጉብታዋን ለሌላ ጋዝ ያሸክማታል። ሦስተኛ፣ የትኛው መሣሪያ ነው? የኒርስፔክ ፕሪዝም ዳታ ከሆነ ኮከቡ ደማቅ ስለሆነ ከ2 ማይክሮሜትር በታች ያለው የተወሰነ ክፍል ላይ ዲቴክተሩ ሞልቷል፤ እዚያ ያለውን በጥንቃቄ ያዢው።

ሰብለ_ሰማይ፦
ፕሪዝም ነው። ኖይዝ ጨምሬያለሁ። ሰልፈር ዳይኦክሳይድ የለም፣ እሱን እቀበላለሁ። ግን እሱ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ጨርሶ ያስጠፋል እንዴ? 4.3 ማይክሮሜትር ላይ ያለው የካርቦን ዳይኦክሳይዱ ጉብታ እኮ ተራራ ነው የሚያክለው።

ሐና_ከሙኒክ፦
አያስጠፋም። እንግዲህ ሌላ ነገር አለ።

ቡና_ጠጪው፦
አቦል ተጠጥቶ አልቋል፣ አሁን ቶና ላይ ነን፤ ለበረካው መፍትሔ እናምጣ። የሲሙሌሽን ስፔክትረሞቹን ያመነጨሽው በታውሬክስ ፕሮግራም ነው?

ሰብለ_ሰማይ፦
አዎ በታውሬክስ 3። ምን አገናኘው?

ቡና_ጠጪው፦
ብዙ ያገናኘዋል። ታውሬክስ ውስጡን የሚሠራው በዌቭነምበር ነው፤ 10,000ን በማይክሮሜትር ስታካፍዪ የምታገኚው ቁጥር ማለት ነው። የሚሰጥሽ ድርድር በዌቭነምበር ከትንሽ ወደ ትልቅ የተደረደረ ነው፤ በሞገድ ርዝመት ከታየ ከረጅሙ ወደ አጭሩ ማለት ነው። ከድረ ገጽ የወረደው የጄምስ ዌብ ፋይል ግን አብዛኛውን ጊዜ ከአጭሩ ወደ ረጅሙ ነው። አንቺ ደራርበሽ ስትስዪ የሞገድ ርዝመቱን ኤክስ ላይ ስለምታደርጊ ሁለቱም ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ፣ አንድ ይመስላሉ። ኔትወርኩ ግን የሞገድ ርዝመት አያይም። እሱ የሚያውቀው ‘አንደኛ ቁጥር፣ ሁለተኛ ቁጥር’ ብቻ ነው። በሥልጠናው ካርቦን ዳይኦክሳይድን መጀመሪያዎቹ ቁጥሮች ውስጥ ተምሮ ከሆነ፣ እውነተኛው ፋይል ላይ ጉብታው መጨረሻ ላይ ነው ያለው። ‘የለም’ ቢልሽ አይገርምም። ኖርማላይዝ ማድረግሽም እዚህ ላይ አይረዳም፤ የ5 ማይክሮሜትሩን አማካይ ከ0.6ቱ ላይ እየቀነሰ ያባብሰዋል።
ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ሁለቱን ያለ ሞገድ ርዝመት፣ በተራ ቁጥር ብቻ ስለሽ እዪያቸው። መስታወት ውስጥ የታየ ምስል ከመሰሉሽ አንዱን በፓይተን ገልብጪው፣ የስህተት ወሰኑንም አብረሽ ገልብጪ።

ኮደሩ_ከቦሌ፦
ወይ ጉድ። እኔ ግን አሁንም ኖርማላይዜሽን ይመስለኛል።

ሐና_ከሙኒክ፦
ቡና_ጠጪው ያለው በጣም ያስኬዳል። ሰብለ፣ አብረሽ አሃዱንም እዪ። ዋስፕ-39ቢ በኮከቧ ፊት ስታልፍ የምትከልለው ብርሃን ከ2 በመቶ ትንሽ ይበልጣል። ስለዚህ በታውሬክስ 0.021 የሚመስል ቁጥር ነው የሚኖርሽ። ፋይልሽ ላይ 2.1 ወይም 21,000 ካለ በበመቶ ወይም በሚሊዮንኛ ተጽፏል። የፕላኔትና የኮከብ ራዲየስ ንጽጽር ያለ ካሬ ከሆነ ደግሞ 0.145 አካባቢ ታያለሽ።

ሰብለ_ሰማይ፦
አሃዱ 0.02 ነው፣ ደህና ነው። በተራ ቁጥር አሁን እየሳልኩ ነው። ቆዩኝ።

ደረጄ_ቤይዝ፦
ተገላብጦ ከሆነም ያልኩት አይቀየርም። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ቁጥር ትክክል መሆኑን በምን ታውቂያለሽ? ከታተመው ጋር ስለተመሳሰለ? የታተመው ስላለሽ ነው እንጂ ሌላዋ ፕላኔት ላይ ማን ይነግርሻል?

ጋሽ_ስፔክትረም፦
ተመለስኩ። ደረጄ የሚለውን አትናቂ ልጄ። እኔ እንዲህ ያለ ቃለ መጠይቅ ላይ ከመምረጫው ወገን ተቀምጫለሁ፣ ስለዚህ ስለ ነገው ልንገርሽ። አመልካች ሁሉ የሚያምር ስላይድ ይዞ ይመጣል፤ በሲሙሌሽን ላይ ስህተቱ ትንሽ ነው የሚል። እኛ የምንጠይቀው ሌላ ነው፦ ሞዴሉ አላውቅም ማለት ያውቃል ወይ? ሥልጠናው ውስጥ ያልነበረ ጋዝ ቢመጣ ምን ይላል? ስለዚህ ዋስፕ-39ቢን እንደ ድል አታቅርቢያት። በታተሙት እሴቶች፣ ሙቀቷን ወደ 1170 ኬልቪን አድርገሽ፣ በታውሬክስ የራስሽን ዋስፕ-39ቢ አመንጪ። ኔትወርኩ እሷን በትክክል ካነበበ፣ እውነተኛዋን ግን ከሳተ፣ ችግሩ ኔትወርኩ ሳይሆን በሲሙሌሽኑና በሰማዩ መካከል ያለው ክፍተት ነው። ከዚያ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ የጨመርሽበትንና ያልጨመርሽበትን ጎን ለጎን አሳዪ። የመፈተኛ ዳታሽም ላይ 68 በመቶ እተማመናለሁ ያለባቸው ጊዜያት በርግጥ 68 በመቶ ያህሉ ልክ መሆናቸውን የሚያሳይ አንድ ሥዕል ብታገኚ፣ ለእኔ ከአሥር ስላይድ ይበልጥብኛል።

ደረጄ_ቤይዝ፦
ጋሼ፣ ነጠላ ቁጥር ከሚሰጥ ኔትወርክ 68 በመቶው ከየት ይመጣል?

ጋሽ_ስፔክትረም፦
ልክ ነህ። በተለያየ መነሻ የሠለጠኑ ብዙ ኔትወርኮችን አንድ ላይ አድርጎ ልዩነታቸውን ማየት ይቻላል፤ በ2019 በዚህ መንገድ የሠራ ቡድን አለ። ኔትወርኳ ትንሽ ከሆነ ዛሬ ማታ ጥቂቶቹን ታደርሳቸዋለች። በቂ አይሆንም፣ ግን ከባዶ ይሻላል።

ዳታ_በላይ፦
ስኬለሩን በእውነተኛው ዳታ ላይ እንደገና አላሰላሽውም አይደል?

ቡና_ጠጪው፦
ሰብለ፣ ሥዕሉ ምን አሳየሽ? መስታወት ነው አይደለም?

ሐና_ከሙኒክ፦
ሰብለ? ስልክሽንም ጻፍኩበት። የጄምስ ዌብ ፋይሉን ብትልኪልኝ እኔም እዚህ አሄድልሽ ነበር።

አባይ_ማዶ፦
ይቅርታ፣ በሌላ ሰው ጥያቄ ውስጥ ገባሁ። ባሕር ዳር ፊዚክስ ሦስተኛ ዓመት ነኝ። ጂፒዩ የለኝም፣ ላፕቶፔም አሮጌ ነው። እንደ ሰብለ ያለ ሥራ ውስጥ ለመግባት ከየት ይጀመራል? ቴሌስኮፕ ጋ መሄድ አለብኝ?

ኮደሩ_ከቦሌ፦
ዩቲዩብ ላይ ጀምር ወንድሜ።

ሐና_ከሙኒክ፦
@አባይ_ማዶ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ይቅርታ አያስፈልገውም። ቴሌስኮፕ ለማየት እንጦጦ ላይ ባለ 1 ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ፤ ለዚህ ሥራ ግን ዳታው ኢንተርኔት ላይ ነው። የጄምስ ዌብ ዳታ ለተመራማሪው ብቻ የሚያዝበት ጊዜ ካለፈ በኋላ ለማንም ክፍት ነው፤ ይህች የዋስፕ-39ቢ ዳታማ ከመጀመሪያው ለሁሉም ክፍት ነበረች። የኤሪየል ቡድንም ለማሽን ለርኒንግ ውድድሮቹ ከ100,000 በላይ የሲሙሌሽን ስፔክትረሞችን አውጥቷል፤ የ2024ቱ ውድድር ካግል በሚባለው የውድድር ድረ ገጽ ላይ ነበር። ጂፒዩ ስለሌለህ አትሸበር። ጋሼ የጠቀሱት የ2018 ሥራ ራንደም ፎረስት ነው፤ የሀብል ስፔክትረሙ 13 ነጥብ ብቻ ነበረው፤ አሮጌ ላፕቶፕም ይችለዋል። መጀመሪያ እሱን ደግመህ ሥራ። እስከዚያው ሬዲዬቲቭ ትራንስፈርና የዕድል ሒሳብ አንብብ፤ ኔትወርክ መገንባት ማንም ያስተምርሃል፣ ብርሃን በጋዝ ውስጥ እንዴት እንደሚያልፍ ግን ፊዚክስ ክፍልህ ነው ያለው።

አባይ_ማዶ፦
እግዜር ይስጥልኝ እህቴ። ታውሬክስ ዊንዶውስ ላይ ይጫናል?

ቡና_ጠጪው፦
ይጫናል፣ ግን ሊኑክስ ላይ ያነሰ ትጨቃጨቃለህ። የሞለኪውሎቹ ፋይሎች ከባድ ስለሆኑ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ብቻ አውርደህ ጀምር። ስፔክትረም ስታወጣ ደግሞ መጀመሪያ ድርድሩ ከየት ወደ የት እንደሆነ እይ።