ከቤንዚን ወደ ናፍጣ ያስቀየርኩት ሞተር መንገድ ላይ እየጠፋ አስቸገረኝ፣ እርዱኝ

ባለ 75፦
ሰላም ቤተሰብ፣ እባካችሁ ቶሎ። ላንድክሩዘር 75 ነው። 3ኤፍ ቤንዚን ነበር፣ ባለፈው ሳምንት ያገለገለ 1ኤችዜድ አስገጠምኩለት። ዕቃ ጭኜ ወደ ደብረ ማርቆስ እየሄድኩ ፍቼን ካለፍኩ ጀምሮ ይጠፋል። የፊልትሮውን የእጅ ፖምፓ ደጋግሜ ስጫነው ይነሳል፣ 20 ደቂቃ ሄዶ ደግሞ ይጠፋል። አሁን ጎሃ ጽዮን ነኝ፣ ሳይመሽ ዓባይን መውረድ አለብኝ። ፍሬኑም ጠንከር ብሏል፣ እሱ እንኳን ይቆይ።

የመርካቶ ልጅ፦
ፊልትሮ ቀይር።

ጋሽ ካምቢዮ፦
ልጄ፣ መጀመሪያ ሞተሩን እወቀው። 1ኤችዜድ 4.2 ሊትር ነው፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ቱርቦ የለውም። ካንዴላ የለ፣ ካርቡሬተር የለ። ንጹህ ናፍጣ ካገኘና አየር ካልገባበት አይጠፋም። ለመሆኑ የሞተር ቁጥሩን ሊብሬው ላይ አስቀይረሃል? ኬላ ላይ እንዳትያዝ።

ባለ 75፦
ጋሼ ሊብሬው በሂደት ላይ ነው፣ አሁን መኪናው ይሂድልኝ።

ሐረር ሜዳ፦
ደህናውን 3ኤፍ ምን ብለህ አወጣኸው? ቢታደስ 10 ዓመት ያገለግልህ ነበር።

ባለ 75፦
ወንድሜ፣ ቤንዚኑን አንተ አትሞላ!

መካኒክ ዘአዳማ፦
ሲጠፋ እንዴት ነው? ድንገት ቀጥ ካለ የናፍጣ ፖምፓው ላይ ያለችው የማጥፊያ ሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ ናፍጣውን የምትዘጋዋ) ሽቦዋ ላልቷል። እየተንተፋተፈ ከሆነ ግን ነዳጅ አልደረሰውም ወይም አየር ይስባል።

ባለ 75፦
እየተንተፋተፈ ነው።

መካኒክ ዘአዳማ፦
እንግዲያው የታንኩን ክዳን ክፈት። "ፉሽ" ብሎ አየር ከሳበ መተንፈሻው ተደፍኗል። ካልሆነ ጀሪካን ውስጥ ናፍጣ አድርግና ከፊልትሮው መግቢያ በአዲስ ቱቦ አገናኘው። ትርፉን ናፍጣ ወደ ታንክ የምትመልሰውንም ቱቦ እዚያው ጀሪካን ውስጥ ክተታት። ሳይጠፋ ከሠራ ጥፋቱ ከታንኩ እስከ ፊልትሮ ባለው መስመር ነው። የድሮው የቤንዚን የጎማ ቱቦ ተሰነጣጥቆ ይሆናል፤ ናፍጣ ባያንጠባጥብም አየር ይስባል።

የመርካቶ ልጅ፦
እኔ ግን ፊልትሮ ቀይር ነው የምለው።

ባለ 75፦
በጀሪካን ግማሽ ሰዓት ሠራ፣ አልጠፋም! ታንኩ ጋ ያለው ጎማ በጣት ሲጫኑት ይሰነጠቃል። ከአንድ ሱቅ ጎማና ማሰሪያ ፋሼታ አግኝቻለሁ። ልቀይርና ልውረድ።

እመ ብርሃን ጋራዥ አጠገብ፦
ቆይ! ፍሬኑ ጠንክሯል ያልከውን ማንም አልመለሰልህም። ሞተሩን አጥፋ፣ ፔዳሉን አምስት ስድስት ጊዜ ርገጥ፣ ከዚያ እንደረገጥክ አስነሳ። ፔዳሉ ወደ ታች ሸርተት ካላለ ሰርቮው (ፍሬኑን የሚያቀልልህ አጋዥ) አይሠራም።

ባለ 75፦
ንቅንቅ አላለም። አሁን ሳየው ከሰርቮው የወጣችው ቱቦ ጫፏ በብሎን ተደፍና በሽቦ ታስራለች።

እመ ብርሃን ጋራዥ አጠገብ፦
ያው ነው። ሰርቮው የሚሠራው በቫኪዩም (አየር ሲመጠጥለት) ነው። የቤንዚን ሞተር ቫኪዩሙን ከራሱ ይሰጣል፣ ናፍጣ ግን አይሰጥም። 1ኤችዜድ ዲናሞው ጀርባ ላይ ቫኪዩም ፖምፓ አለው። ያንተ ዲናሞ የየትኛው ነው?

ባለ 75፦
የመጣው ተቃጥሎ ስለነበር መካኒኩ የቤንዚኑን አስተካክሎ ገጠመልኝ።

ጋሽ ካምቢዮ፦
ልጄ፣ ዕቃ ጭነህ በዚህ ፍሬን ዓባይን አትወርድም። ቁልቁለቱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ነው። እዚያው እደር።

ባለ 75፦
እሺ ጋሼ፣ አድራለሁ። ወንድሜ ሶማሌ ተራ ሄዶ ባለ ፖምፓውን ዲናሞ በነገ አውቶቡስ ይልክልኛል።

መካኒክ ዘአዳማ፦
ሲገጠም የዘይት መስመሩ እንዳይረሳ። ፖምፓው ዘይት የሚያገኘው ከሞተሩ ነው፤ መግቢያዋ ቀጭን ቧንቧ፣ መመለሻዋ ወፈር ያለች ጎማ ናት። ዘይት ካልደረሰው ቶሎ ይበላሻል። ወንድምህ ሁለቱንም ከዲናሞው ጋር አብሮ ይግዛ፣ ጎሃ ጽዮን ላይ አታገኛቸውም።