የሱቄን በር ፊልም ከፍሬሙ ጋር እንዴት ላያይዘው?

ሰላም ወገኖች። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ እንጀራና ቅመም የምሸጥባት ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ባለፈው ወር ሌሊት በሩን ሰብረው ገቡ። መስታወቱ ቴምፐርድ (ሲሰበር ሙሉ በሙሉ ወደ ትንንሽ ቁርጥራጭ የሚበተን ዓይነት) ስለሆነ ባንድ ምት ተፈረካክሶ እንደ በረዶ ጠጠር ወለሉን ሞላው። ክፍት የነበረው በርበሬ ውስጥ ሳይቀር ገብቶበት ስለነበር ሁሉንም ጣልኩት።

አዲሱ መስታወት ላይ ከውስጥ በኩል 8 ሚል፣ ማለትም 200 ማይክሮን ያህል ውፍረት ያለው የደህንነት ፊልም (መስታወት ሲሰበር ስብርባሪውን የሚይዝ ግልጽ ፕላስቲክ) አስለጠፍኩ። ችግሩ ፊልሙ የተለጠፈው መስታወቱ ላይ ብቻ ነው። የመስታወቱን ጠርዝ ፍሬሙ ውስጥ የሚይዘው ጎማ ጋ ለመድረስ 2 ሚሊሜትር ያህል ይቀረዋል። መስታወቱ ቢሰበር ፊልሙ ስብርባሪውን እንደያዘ ባንድ ላይ ከፍሬሙ ይወጣል። ሁለት ሦስት ጊዜ በእግር ከተመታ አለቀ ማለት ነው።

ስለዚህ ዙሪያውን በስትራክቸራል ሲሊኮን (ጠንካራ ማጣበቂያ) ከአሉሚኒየም ፍሬሙ ጋር ላያይዘው አስቤያለሁ። ግራ ያጋባኝ ጎማው ነው። ሲሊኮን ጎማ ላይ በደንብ አይዝም። ጎማውን በምላጭ ቆርጬ ዝቅ ላድርገው ወይስ ሲሊኮኑን በላዩ አሳልፌ አሉሚኒየሙ ላይ ላሳርፈው? ፊልሙንስ፣ ፍሬሙንስ ስንት ስንት ሚሊሜትር መያዝ አለበት?

ደግሞ ፊልሙ ከተለጠፈ ገና 6 ቀኑ ነው። ከታች ጥግ ላይ አሁንም ትንንሽ የውሃ አረፋ ይታያል። እስኪደርቅ ልጠብቅ? በሩ ቀኑን ሙሉ ሲከፈትና ሲዘጋ ነው የሚውለው፤ ሲሊኮኑ ሳይጠነክር እንዳይላቀቅ ፈራሁ።

ይህን ሥራ በእጃችሁ የሠራችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ። ሌሊት ስልኬ በጮኸ ቁጥር ልቤ ይመታል።