«ተሰወረች» ወይስ «ጠፋች»? (ስለ ቺሂሮ ፊልም)

የሰኞ ፀሐይ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። አንድ ቃል ቸግሮኛል። ከእህቴ ልጅ ጋር «ስፒሪትድ አዌይ»ን በአማርኛ ትርጉም እያየን ነበር። ሀያኦ ሚያዛኪ በ2001 እ.ኤ.አ. ያወጣው የጃፓን አኒሜሽን ነው፤ ቺሂሮ የምትባል ልጅ ወደ መናፍስት ዓለም ትገባበታለች። ተራኪው መጀመሪያ ላይ «ቺሂሮ በዋሻው አልፋ ተሰወረች» አለ። ልጅቷ ወዲያው ዞር ብላ «ሞተች እንዴ?» አለችኝ። አልሞተችም አልኳት። ግን እኔንም ግራ ገባኝ። ጻድቅ ያልሆነች፣ መጨረሻ ላይም የምትመለስ የ10 ዓመት ልጅ «ተሰወረች» ትባላለች? ወይስ «ጠፋች» ነበር የሚሻለው?

ንጉሡ ሠ፦
«ጠፋች» አይሆንም። የጠፋ ሰው ወይ መንገድ ስቷል፣ ወይ በገዛ እግሩ ሄዷል። የወንጌሉ የጠፋው ልጅ ድርሻውን ተቀብሎ፣ ጓዙን ጠቅልሎ ነው የወጣው። ቺሂሮን ግን የያዛት ሌላ ኃይል ነው። የጃፓንኛውን ርእስ እዩት፤ «ሴን ቶ ቺሂሮ ኖ ካሚካኩሺ»። ካሚ የእነሱ መናፍስትና አማልክት ናቸው። ካኩሺ ደግሞ መሸሸግ ነው። ስለዚህ ሸሻጊ አለ። «የካሚ ስወራ» ብንለው አይርቅም።

ፊደል ለቃሚ፦
«ስወራ» ሲባል እኔ ትዝ የሚለኝ ታክስ ስወራ ነው። ለርእስ አይሆንም።

ዘዋሸራ፦
እስቲ ቆም በሉ። ዋሸራ ቅኔ የቆጠርኩ ሰው ነኝ፤ በግእዙ በኩል ልግባ። ሰወረ በእሳቱ ሰ ይጻፋል፤ ወንድማችን በስሙ ተስቦ በንጉሡ እንዳይጽፈው። ፍቺው ሁለት ነው፦ ሸሸገ፣ ከለለ። «ከክፉ ይሰውርህ» ስንል ደብዛህን ያጥፋው ማለታችን ነው? ይከልልህ ማለታችን ነው። ዳዊትም በአማርኛው «በክንፎችህ ጥላ ሰውረኝ» ይላል። ሄኖክን ደግሞ ሁላችሁም «ተሰወረ» ትላላችሁ። መጽሐፈ ሄኖክ ምዕራፍ 12 ላይ ግን ግእዙ «ተከብተ ሄኖክ» ነው የሚለው። ከበተ ማለት ሸሸገ ነው። የት እንደተከበተ ከሰው ልጆች ያወቀ አልነበረም ይላል። ነገሩን ከዚህ ጀምሩ።

ማር እሸት፦
የኔታ፣ እንዲያ ከሆነ የእኛ «ከተተ» ከ«ከበተ» የመጣ ነዋ! ዕቃ ሲከተት ይሸሸጋል።

ዘዋሸራ፦
አይደለም ልጄ። በ የት ሄደች? ፊደል በልቶ ሥር አገኘሁ አይባልም።

ማር እሸት፦
እሺ፣ ይቅር። «ሰወረ» ግን ከ«ዕውር» ጋር አንድ ቤት ነው። ዕውር የማያይ፣ ስውር የማይታይ። ሁለቱም የዐይን ነገር ናቸው። ይሄን ማንም አያፈርስብኝም።

ንጉሡ ሠ፦
ውበት አለው፤ ሥር ግን የለውም። ዐወረ ራሱን የቻለ ሦስት ፊደል ነው፤ ሰወረም እንዲሁ። ዐይኑ ዐ ደግሞ ሰ አይሆንም። ሁለት ፊደል የተጋራ ሁሉ ዘመድ ከሆነ «ሰከረ» እና «ዘከረ»ም ወንድማማች ናቸው።

ማር እሸት፦
በዝክር ቀን ናቸው!

የወንዝ ማዶ፦
ወደ ጃፓኑ ልመልሳችሁ። ካሚካኩሺን ፊልሙ አልፈጠረውም። የቆየ የገጠር ቃል ነው። ልጅ ወይም ሴት ድንገት ደብዛቸው ሲጠፋ «ካሚ ሸሸጋቸው» ይባል ነበር። ቴንጉ የሚሉት የተራራ ፍጡር ወሰዳቸው የሚልም ነበር። ያናጊታ ኩኒዮ የሚባል የአፈ ታሪክ አጥኚ በ1910 እ.ኤ.አ. በጃፓን የቶኖ አካባቢን ተረኮች ሰብስቦ አሳትሟል። እዚያ ውስጥ አንድ ታሪክ አለ። ሳሙቶ በሚባል ቦታ አንዲት ልጃገረድ ጫማዋን ከፒር ዛፍ ሥር አውልቃ ተሰወረች። ከ30 ዓመት በላይ አለፈ። አንድ ቀን ዘመድ አዝማድ በተሰበሰበበት አርጅታ መጣች። ለምን መጣሽ ሲሏት እናንተን ማየት ፈልጌ ነው አለች። ከዚያ ተመልሳ ሄደች። ዕለቱ ኃይለኛ ነፋስ ነበረው። የቶኖ ሰዎች ነፋስ ሲበረታ «ዛሬ የሳሙቶዋ አሮጊት የምትመለስበት ቀን ነው» ይሉ ነበር።

ስለዚህ በካሚካኩሺ መመለስ አለ። ሲመለሱ ግን እንደ ቀድሞው ላይሆኑ ይችላሉ። ደግሞ የሕፃኗ ጥያቄ ቀላል እንዳይመስላችሁ። በጃፓንኛ የንጉሥ ቤተሰብ ሲሞት በአክብሮት የሚነገረው ቃል «ኦካኩሬ» ነው። ከዚያው ከመሸሸግ ሥር ነው የወጣው።

ንጉሡ ሠ፦
ይሄን አላውቅም ነበር፤ ተባረኪ። ከእኛው ጋር ገጠመ። የእኛ «ተሰወረ» ግን የተሸከመው ከዚያም ይበዛል። ገድሉ ላይ ጻድቁ ይሰወራል። ዜናው ላይ ተጠርጣሪው ይሰወራል። ሕጉ ላይ «አስገድዶ መሰወር» ወንጀል ነው። አንድ ግሥ ቅዱሱንም፣ ሌባውንም፣ ግፍ የተፈጸመበትንም ይዟል። ሕፃን ሞት ብትሰማበት አይፈረድባትም።

የሰኞ ፀሐይ፦
እና ምን ልበላት? ልጅቷ አሁንም እየጠየቀችኝ ነው።

ፊደል ለቃሚ፦
እኔን የሚገርመኝ የተሰወረው አካሏ ሳይሆን ስሟ መሆኑ ነው። ርእሱ ራሱ ሁለት ስም ይዟል፣ ሴንና ቺሂሮ። ዩባባ፣ ካሚዎቹ ገላቸውን የሚታጠቡበት ቤት ባለቤት የሆነችው ጠንቋይ፣ ውል ስታስፈርማት የስሟን ፊደላት ከወረቀቱ ላይ አንስታ በእጇ ጨበጠቻቸው። አንዱን ብቻ ተወችላት። ያቺ ፊደል በአንድ ንባብ «ቺ»፣ በሌላው «ሴን» ትባላለች። ትርጉሟ ሺህ ነው። «ሂሮ» ደግሞ ሁለት ክንድ ተዘርግቶ የሚለካ ርዝመት ነው፤ የባሕር ጥልቀት ይለኩበታል። ሙሉ ስሟ እንግዲህ ሺህ ሂሮ ጥልቀት እንደማለት ነው። ጥልቀቱ ተወሰደና ቁጥሩ ቀረ።

አሁን ወደ እኛ አምጡት። ሺወርቅን ወርቋን ወስዶ «ሺ» ብሎ መጥራት። ሺፈራውን «አንተ ሺ» ብሎ ሥራ ማዘዝ። ሰው እንዲህ ነው ቁጥር የሚሆነው።

ማር እሸት፦
ወይኔ! ሺፈራው የወንድሜ ስም ነው። ውስጤን ነካኝ።

የወንዝ ማዶ፦
ቺሂሮን የሚረዳት የሐኩም ታሪክ ያው ነው። ስሙን ስለረሳ ከዩባባ ቤት መውጣት አልቻለም። ቺሂሮ በልጅነቷ የወደቀችበትን ወንዝ ስታስታውስ ነው ስሙ የተመለሰለት። ኮሃኩ ወንዝ። ሐኩ የዚያ ወንዝ ካሚ ነበር። ወንዙ ግን ተደፍኖ አፓርታማ ተሠርቶበታል። ስሙን ቢያገኝም የሚመለስበት ቦታ የለውም። እኔ ፊልሙ ላይ የማለቅሰው እዚህ ጋ ነው። ሊታጠብ የመጣው ያ የሚሸተው እንግዳም የወንዝ ካሚ ነበር። ከሆዱ ብስክሌትና ቆሻሻ ጎትተው ሲያወጡለት ነው የዳነው። ሚያዛኪ ራሱ ከጎረቤት ጋር ወንዝ ሲያጸዳ ብስክሌት ማውጣታቸውን ተናግሯል።

ንጉሡ ሠ፦
ታዲያ እነዚህን «ካሚ» ምን እንበላቸው? «አማልክት» ከበደኝ። የወንዝ ካሚ፣ የራዲሽ ካሚ፣ ሁሉም ገላውን ሊታጠብ የሚመጣ ነው። ተራኪው «መናፍስት» ማለቱ ደግሞ ክፉ አስመሰላቸው።

ማር እሸት፦
ውቃቢ!

ዘዋሸራ፦
ውቃቢ ከዐቀበ ነው፣ ጠበቀ። ዐቃቤ ሕግ የሚለውም ከዚያው ነው። ውቃቢ ሰውን ይጠብቃል፤ «ውቃቢው ራቀው» የምንለው ለሰው ነው። የወንዙን ግን ቆሌ በሉት። ቆሌ ቦታ አለው።

ፊደል ለቃሚ፦
የኔታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እዚህ ላይ አልስማማም። ሰው ሲደነግጥ ወይም ሲዋረድ «ቆሌው ተገፈፈ» እንላለን። የሰውም ቆሌ አለ ማለት ነው። ቺሂሮ ስሟ ሲወሰድ የሆነችውን ከዚህ የሚሻል አማርኛ አይገልጸውም።

ዘዋሸራ፦
መልካም ተቃውሞ ነው። የገጠሩ ሰው ግን መጀመሪያ ለወንዙ ነው ወይስ ለሰው ቆሌ ያለው? እሱን አምጣልኝ።

ማር እሸት፦
ቆሌ ከ«ቆላ» ይሆን እንዴ? ወንዙም ያለው ቆላ ነው!

ንጉሡ ሠ፦
ማር እሸት፣ ድምፅ መመሳሰሉ ብቻ ዘመድ አያደርግም። ለማንኛውም የደጋ ቆሌ የሰማ ሰው ካለ ይጻፍልን።